ማሽኑ የካደው ብልሽት

ባህል አዳራሽ አካባቢ ጋራዥ ያለው ዮፍታሄ በሥራው ይኮራል። ቢኮራም አይፈረድበትም፤ ሌላው መካኒክ እጅ የሰጠበት መኪና መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው። የጋሽ ባህሩ ነጭ አውቶሞቢል ግን ጉድ ሠራችው።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ጋሽ ባህሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ቅድስትን ከትምህርት ቤት አውጥተው፣ በዚያው ወደ ጋራዡ ጎራ ማለታቸው ነው።

«እንደገና?» አለ ዮፍታሄ።

«እንደገና። ትናንት፣ ቡሹሎ መንገድ ላይ። ደህና እየነዳሁ ነው፤ ብቻ ሳየው የዘይቱም የባትሪውም መብራት በርቷል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። ከኋላዬ አሸዋ የጫነ መኪና ነበር። ለጥቂት ነው የተረፍነው። ይህቺ ልጅ ደግሞ የኋላው ወንበር ላይ ነበረች።»

«አባባ እኮ…» ብላ ጀመረች ቅድስት።

«ትልልቅ ሰው ሲነጋገር ምን ይባላል?»

ቅድስት ከደጅ በኩል ያለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን አወጣች።

«ከመጥፋቷ በፊት ጉልበት ታጣለች? ትንገጫገጫለች?» ሲል ጠየቀ ዮፍታሄ።

«እሱን አላስተዋልኩም። እኔ የማየው መብራቱን ነው።»

«መብራቱ የሚበራው ሞተሩ ስለጠፋ ነው ጋሼ። ጥፋቱ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው ያለው።»

ግን የት? ፊልትሮ ቀይሯል፣ ካንዴላ ቀይሯል፣ የነዳጁን ፓምፕ አውርዶ አይቷል። መመርመሪያ ማሽኑን ሲሰካ ደግሞ ማሽኑ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይክዳል፤ ምንም ብልሽት የለም ይላል። ዮፍታሄ የደንበኛ መኪና ሲሞክር መሪውን ራሱ ነው የሚይዘው፤ ባለቤቱ ጎኑ ይቀመጣል። ይህን ደንቡን ለማንም ሽሮ አያውቅም። ሁለቴ እስከ ጉዱማሌ ነድቷታል። ሁለቴም አንዲት ጊዜ እንኳ አላስቸገረችውም።

«ቤንዚን ማነው የሚቀዳላት?»

«ኤርሚያስ፣ የልጄ ባል፣ የቅድስት አባት። ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰልፎ ይቀዳል፤ ከማደያ ሲጠፋ ከየትም ፈልጎ በጀሪካን ያመጣል። አጥቧትም ጉዳዩን ጨርሶባት ይመጣል።»

«እሱ ሲነዳትስ?»

«አንድም ቀን አልቆመችበትም።»

ዮፍታሄ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ያሰበውን ወዲያው መናገር አልፈለገም፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው።

«ይሽጧት ብሎኛል» አሉ ጋሽ ባህሩ። «እምቢ አልኩት። ይኸው ትናንት ደግሞ፣ ከእንግዲህ አንዴ ከቆመች ቅድስት ከእርስዎ ጋር አትሄድም አለኝ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ የዚህች ልጅ ትምህርት ቤት ነው። እሱን ከወሰዱብኝ…»

ንግግራቸው እዚያ ላይ ቀረ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጎማ እያዩ፣ የሆነ ነገር እንደሚያጣጥሙ ሁሉ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ዮፍታሄ ሊያለቅሱ ነው ብሎ አሰበ፤ ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ነውር መስሎት ፊቱን አዞረ።

«ምን አልከኝ?» አሉት ጥቂት ቆይተው።

«ምንም አላልኩም ጋሼ። ኤርሚያስ ሞተሩን ይነካካል?»

«ሞተሩን እንኳ አይመስለኝም። ባለፈው ወር ግን ምንጣፍ አወጣለሁ ብሎ ከመሪው ሥር ሲጎረጉር አይቼዋለሁ።»

ዮፍታሄ ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገውም። ኤርሚያስ መኪናዋ እንድትሸጥ ብሎ ከመሪው ሥር ያለውን ሽቦ ነክቶታል። አንዱን ሽቦ አላልቶ መተው ለማንም አያቅትም፤ አንዳንዴ ይገናኛል፣ አንዳንዴ ይለያያል። በዚያ ላይ የገዛ ልጁ የምትሄድባት መኪና። ሰው እንዲህ ይጨክናል ብሎ አስቦ አያውቅም፤ ደሙ ፈላ።

«ዛሬ እርስዎ ይንዱ» አለ። «በየቀኑ የሚሄዱበትን መንገድ፣ እንደወትሮዎ። እኔ ማሽኑን ይዤ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። ስትጠፋ እጅ ከፍንጅ እይዛታለሁ።»

ቅድስት ከኋላ ገባች። በቡሹሎ መንገድ ነጎዱ። ጋሽ ባህሩ አነዳዳቸው እንደ መምህርነታቸው ነው፤ አይቸኩሉም፣ ለባጃጁም ለእግረኛውም ያሳልፋሉ። ዮፍታሄ ማሽኑ ላይ አቀርቅሯል። ነዳጁ በልክ ይገባል፣ አየሩም እንዲሁ። የባትሪው ኃይል ሙሉ ነው።

ሦስተኛ ማርሽ ላይ እያሉ ፍጥነቷ ቀነሰ። ጉልበት አጣች፣ ከዚያም ትንገጫገጭ ጀመር። ዮፍታሄ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተከታተለ። ነዳጁ አሁንም ደህና ነው፤ አየሩም ደህና። አንድ ቁጥር ብቻ ወርዷል፤ የቤንዚን መስጫው። መርገጫው ምንም እንዳልተረገጠ ሁሉ ዜሮ ይላል።

«አገኘሁት ጋሼ» አለ። «የመርገጫው ሽቦ ነው። ከእግርዎ ሥር ነክቶታል ሰውዬው።»

ሞተሩ ጠፋ። የዘይቱም የባትሪውም መብራት በራ። መኪናዋ መሀል አስፋልት ላይ በራሷ ትንሽ ተንሸራታ ቆመች። ከኋላ የከባድ መኪና ጥሩምባ እየቀረበ መጣ።

«ጋሽ ባህሩ፣ ቶሎ ያስነሷት» አለ ዮፍታሄ፣ ዓይኑን ከማሽኑ ሳይነቅል።

«አሁን አይሰሙህም» አለች ቅድስት ከኋላ። «ሁልጊዜ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቀድመው ዝም የሚሉት አባባ ናቸው፤ መኪናው ከዚያ በኋላ ነው የሚቆመው።»