በጓሮ የተደበቀው ድንኳን

የማዕድኑ በር የሚከፈተው ልቡ ለረጋ ሠራተኛ ብቻ ነው። የልብ ትርታ የሚለካው የእጅ አምባር ለረጋ ሰው አረንጓዴ ይበራል፤ የአንድ ሰው እንኳ ቀይ ከበራ ሥራ ተቋራጩ መቀጫ ይከፍላል። ስለዚህ መርዶ እንኳ እስከ ዕረፍት ሳምንት ይቆያል።

የገልባጭ መኪና ሾፌሯ አስካለች ማለዳ ለሥራ ስትወጣ፣ ጓሮዋ ውስጥ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ላስቲክ ለብሰው አገኘቻቸው። ባሏ ደጉ ፊቱን አዞረ።

"ማን ነው የሞተብኝ?"

"እናትሽ ናት፣ አስኩ። ከተቀበረች ስድስት ቀኗ። እስከ ዕረፍት ሳምንቷ እንዳትሰማ ብለው የተቋራጩ ሰዎች አስጠነቀቁን።"

"እናቴን አፈር ሳላለብስ ስድስት ቀን ሙሉ አረንጓዴ አበራሁላቸው በለኛ!"

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። "በል ተሸከም" አለችው።

ድንኳኑን ማዕድኑ በር ላይ ተከሉት። ጥበቃው "እህቴ፣ እዚህ ክልክል ነው!" እያለ ሮጠ።

"የቀማችሁኝን ለቅሶ እዚሁ ነው የማለቅሰው" አለችና "እምዬ!" ብላ ደረቷን መታች።

ለፈረቃ ከተሰለፉት ሾፌሮች አንዱ ወጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አምባሩ ቀላ። ከዚያ ሌላው ተከተለው፤ ከዚያም ሌላው። ፀሐይ ከፍ ስትል ድንኳኑ ሞልቶ፣ የሁሉም አምባር ቀልቶ ነበር፤ በሩም ለማንም አልተከፈተም።