አርባ ፊደል

«የሰኞውንም ክፈችው» ይላል ሥራ አስኪያጁ አቶ ቀዳማዊ፣ ወንበሩን ወደ ርሆቦት ጠረጴዛ እየሳበ። ርሆቦት የዕለቱን ሪፖርት ኮምፒውተሯ ላይ ትከፍታለች። አስተያየት በሚለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦ ጤና ይስጥልኝ እንዴት አደራችሁ እግዜር ይመስገን እኛ ደህና ነን። በቃ፣ እዚያው ላይ ያልቃል። የዓርቡም ያው ነበር፤ የቅዳሜውም ያው።

ከጠረጴዛው ማዶ ፎርማኑ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ማክሰኞ ዕለት፣ ቀራንዮ በሚሠራው ሕንፃ ላይ፣ የመወጣጫው ጣውላ ተሰብሮ ልስን ሠራተኛው ሁንዴ ከሁለተኛ ፎቅ ወድቋል። ሆስፒታል ተኝቷል፤ ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎታል። አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ጣውላው መበስበሱን ፎርማኑ አስታውቀው ነበር ወይስ አላስታወቁም? ካስታወቁ ጥፋቱ የድርጅቱ ነው፤ ካላስታወቁ የሳቸው።

ሽማግሌው አስታውቄያለሁ ይላሉ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት የሥራ ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በዚህችው ስልክ ጽፈው ልከዋል።

ደግሞም ልከዋል። ርሆቦት ይህን አሳምራ ታውቃለች። እንዴት አታውቅ? የሥራ መከታተያውን ሲስተም ደንብ ያወጣችው እሷው አይደለችም እንዴ? የትኛው ሳጥን ቁጥር ብቻ ይቀበል፣ የትኛው ባዶውን አይለፍ፣ የትኛው ስንት ፊደል ይያዝ፣ ሁሉም ከእሷ እጅ የወጣ ነው።

ድሮ የፊደል ገደብ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋሽ ወልደጊዮርጊስም እንደ ደብዳቤ ነበር የሚጽፉት። ምን ይደረግ፣ የኛ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ ጤና ይስጥልኝ ሳይል እሳት ተነሳ አይልም! መጀመሪያ የቢሮውን ሰው ደህንነት ይጠይቃሉ፣ ፈጣሪን ያመሰግናሉ፣ የሠራተኞቻቸውን ሰላም መሆን ያበስራሉ። ከዚያ ወዲያ ነው «ይሁን እንጂ» ብለው ሲሚንቶ ማለቁን የሚያነሱት። አቶ ቀዳማዊን ይሄ ነገር አንገሸገሸው። የሪፖርቱን ሰንጠረዥ ሲያትመው አንድ ገጽ ላይ አልገባ አለው። እኔ የሥራ ሪፖርት እንጂ የእድር ደብዳቤ አላዘዝኩም አለና ሳጥኑን ወደ አርባ ፊደል እንድታወርደው ነገራት።

አወረደችው። በመጀመሪያው ሳምንት ሲስተሙ አርባ ሲያልፍ አልቀበልም እያለ ይመልስባቸው ነበርና ስልኳ ዕረፍት አጣ። ልጄ፣ ይሄ ነገር እምቢ አለኝ። ርሆቦትዬ፣ ምን በድዬው ነው? ጠዋት እሳቸው፣ ከሰዓት እሳቸው። ሰለቻትና ሌላ ደንብ ጨመረች፤ ከአርባ የተረፈውን ቆርጦ ይጣልና ዝም ብሎ ይመዝግብ። ለፎርማኖቹ ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደወለላትም። ያን ቀን እፎይ ብላ ምሳዋን መብላቷ አሁን አንጀቷን ይበላዋል።

«ሦስቱም ቀን እኛ ደህና ነን ነው የሚሉት» ይላል አቶ ቀዳማዊ። «ጣውላ የሚል ነገር የታለ?»

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ። ያነባሉ። ደግመው ያነባሉ። የጎደለው ተንጠባጥቦ እንደሆነ ብለው ከጠረጴዛው ሥር ሊፈልጉ ምንም አልቀራቸውም። ጽፌ ነበር እኮ ይላሉ፤ ጣውላው በስብሷል፣ ሁንዴ በረገጠው ቁጥር ይንቋቋል፣ ሳይውል ሳያድር ይቀየርልን ብዬ። ስልካቸው እንደሆነ አንዴ ከላከ በኋላ ምንም አያስቀርም።

አቶ ቀዳማዊ ወደ ርሆቦት ዞር ይላል። አርባ ይሁን ያለው እሱ ነው። ረስቶት ይሆናል ብላ ማመን ፈልጋ ነበር፤ ዓይኑን ስታየው ግን አልረሳም።

«ርሆቦት፣ ሲስተሙ የሚያጎድለው ነገር አለ እንዴ?»

ይህን ሥራ ያገኘችው ሁለት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንታ ነው። አለ ካለች፣ ማን ቆረጠው መባሉ አይቀርም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ቆማ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ስለ እውነት ስትዘምር ለሚያያት ሰው ይህች ሌላ ሴት ናት።

«የለም» ትላለች።

ከታች፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ የወያላ ጥሪ ይሰማል። ሽማግሌው እንዲቆጧት ትጠብቃለች። ቢቆጡ በተሻላት፣ ውሸታም ቢሏት በወደደች። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያሽከረክራሉ።

«እንግዲህ እሷ የለም ካለች የለም ነው» ይላሉ ቀስ ብለው። «ይቺ ልጅ ምን ብላ ትዋሻለች? ሰላምታውን ጽፌ ዋናውን ረስቼዋለሁ ማለት ነው። እርጅና ነው። ያንን ልጅ አልጋ ላይ የጣልኩት እኔው ነኝ።»

አቶ ቀዳማዊ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት ያወጣል። ከጠዋት ጀምሮ ታትሞ የተዘጋጀ ነው። ስለ ጣውላው ያቀረብኩት ምንም ሪፖርት የለም ይላል፣ ከሥሩ የሳቸው ስም። ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ሳያነቡት እስክሪብቶውን ይቀበላሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ፤ ቢሆንም መስመሩ አልታይ ይላቸዋል።

«የቱ ጋ ነው የምፈርመው፣ ልጄ?»

ርሆቦት ጎንበስ ብላ በጣቷ ታሳያቸዋለች።