ከፏፏቴው መልስ

ራሞና ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ትንሿን ዳገት ጨረሰችና ቆመች። ፏፏቴው ገና አይታይም፤ ድምፁ ግን ከዛፎቹ ጀርባ እየጎላ መጥቷል። ዞር ስትል አማቷ ሎሪን ሳይነኳት አንድ እጃቸውን ከወገቧ ኋላ ዘርግተው ቆመዋል።

«አልወድቅም፣ እማማ ሎሪን።»

«ማን ትወድቂያለሽ አለሽ?» አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሐሳቡ የራሞና ነበር። የመውለጃዋ ቀን ካለፈ ሰንብቷል፤ ሐኪሟ ምጡ እስከ ሰኞ ካልመጣ በመድኃኒት እናስጀምረዋለን ብላታለች። እሷ ደግሞ ልጁ በራሱ ጊዜ እንዲመጣ ፈለገች። የሚያቃጥል ምግብ በላች፤ ደረጃ ወጣች ወረደች፤ ወይ ፍንክች። ዛሬ ጠዋት ተነስታ ፏፏቴ ልሄድ ነው ስትል፣ ባሏ ዌስሊ ሥራ ገቢ ስለነበር እናቱን አብረዋት እንዲሄዱ ለመናቸው። መንገዱ የሕፃን ጋሪ የሚገፉና ከዘራ የያዙ ሁሉ የሚሄዱበት፣ በፓርኩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀላሉ ነው። ሎሪን ግን ለአንድ ሳምንት ጉዞ የሚበቃ ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው ከመኪናው ወረዱ። ራሞና ድንኳንም ይዘዋል ወይ ብላ ብትተርባቸው፣ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሁለቱ ክፉ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ነገር ግን ራሞና ካቻምና የመጀመሪያ ጽንሷን ስታጣ ሎሪን ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላሉም። ራሞናም ምናልባት ብዙም አልተሰማቸው ይሆናል ብላ በሆዷ ይዛዋለች።

መንገዱ ዓለቱን ዞረና ፏፏቴው ድንገት ፊታቸው ተገተረ። ሌሊቱን በዘነበው ዝናብ ሞልቶ፣ ቢጫና ቀይ የጥቅምት ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ራሞና ደስ ብሏት የውሃው ብናኝ ውስጥ ገባች። ፀጉሯ ራሰ፤ ሸሚዟ ሆዷ ላይ ተለጠፈ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ትንፋሿን ቆረጠውና ብቻዋን ትስቅ ጀመር። ሎሪን ከዳር ሆነው ድንጋዩ ያዳልጣል እያሉ ይጮሃሉ፤ ግን እሳቸውም እየሳቁ ነበር።

ራሞና ድንገት መሳቋን ተወች። የፏፏቴው ውሃ በረዶ ነው። በጭኗ የሚወርደው ግን ሙቅ ነበር።

ቀስ ብላ ወደ ሎሪን ተመለሰች። «እማማ ሎሪን፣ እስቲ ይዩኝ። የረጠብኩት ከፏፏቴው ነው?»

ሎሪን ወደ ጫማዋ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው በርቷል።

«ፏፏቴው ከላይ ነው የሚመጣው፣ የኔ ልጅ። ይሄኛው የራስሽ ነው።»

ተያዩ። ራሞና እሪ ልትል ምንም አልቀራትም። ስልካቸውን ቢያወጡ ከገደሉ ሥር ኔትወርክ የለም። ሎሪን ውሻ ይዘው የመጡ ባልና ሚስት ጠርተው፣ ቀድመው ሮጠው ፓርኩ በር ላይ ላለው ጠባቂ እንዲነግሩ ላኳቸው፤ ወዲያው ቦርሳቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ከፈቱ። ውስጡ ፎጣ አለ፤ ለራሞና ልክ የሆነ ደረቅ ሱሪ አለ፤ ተቀቅሎ በላስቲክ የተጠቀለለ የእትብት መቁረጫ መቀስና ማሰሪያ ክር ሳይቀር አለ። ይሄ ሁሉ መቼ ተዘጋጀ ብትላቸው፣ ስምንተኛ ወርሽን ከያዝሽ ጀምሮ ከመኪናዬ አልወረደም አሏት።

ፎጣውን ስታነሳ ከሥሩ በእጅ የተሠሩ ሁለት ሚጢጢ ኮፍያዎች አገኘች። አንዱ ቢጫ ነው፣ አንዱ አረንጓዴ።

«ምነው ሁለት? መንታ እኮ አይደለም።»

ሎሪን የቦርሳውን ዚፕ ሊዘጉ ታገሉት፤ እምቢ አላቸው። «አረንጓዴው የካቻምናው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቤት ትቼው ልወጣ አልቻልኩም።»

ራሞና ኮፍያውን እጇ ላይ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሁለቱንም ደራርባ መልሳ ቦርሳው ውስጥ አስገባችና፣ አልዘጋ ያለውን ዚፕ ራሷ ዘጋችው።

ሲመለሱ ያ ቀላል መንገድ ረዘመባቸው። የመጀመሪያው ምጥ ገና ዓለቱ መታጠፊያ ላይ መጣ፤ ትንሽ ቆንጠጥ አድርጎ ተዋት። «ይሄ ነው እንዴ የሚያስፈራሩበት?» ብላ ፎከረች። ሎሪን ዌስሊን ሲያምጡ እሳቸውም ልክ እንደዚሁ ብለው እንደነበርና፣ ሰዓት ሳይሞላ አዋላጇን እንደተሳደቡ ነገሯት። እየሳቁ ወረዱ። መንገደኛው ሁሉ ወሬው ቀድሞ ደርሶት ዳር ዳር ይዞ ያሳልፋቸዋል።

ሲመጡ የተሻገሩት የእንጨት ድልድይ መሐል ሲደርሱ ግን እውነተኛው መጣ። ወገቧን ጨምድዶ ያዛት።

«እማ» አለች፤ «እማ፣ ያዢኝ።»

ሎሪን ቦርሳውን እንዳዘሉ ከፊቷ ቆሙና ክንዶቿን አንገታቸው ላይ ጠመጠሙላት። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ እያሉ ያወዛውዟት ጀመር። እፍ በይው፣ እፍ በይው ይሏታል በጆሮዋ። በዚህ መሐል ኔትወርኩ ተመልሶ ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በአንድ እጃቸው አወጡት።

«ድልድይ ላይ ነን» አሉት ልጃቸውን። «ሚስትህ ከእኔ ጋር እየደነሰች ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቀን።»

ራሞና ምጡ ሳይለቃት ሳቀች፤ ሳቁም ምጡም አንድ ላይ ትከሻዋን አንቀጠቀጣት። ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቃል። የሚያጣድፍም፣ የሚያወራም የለም። ልጁን ትከሻው ላይ የተሸከመ ሰውዬ ሳያውቀው እሱም ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። ከሁለቱ ሴቶች እግር ሥር እንጨቱ ሲጢጥ ይላል፤ ከእንጨቱ ሥር ደግሞ ውሃው ቢጫ ቅጠሉን ይዞ ይሮጣል።