የስንብት ዘፈን አንድ ነው

የባቻታው ዘፈን ሳያልቅ ቀጣዩን ሳልሳ አዘጋጃለሁ። መግቢያው ረጅም ነው፣ ምቱም ዘገም ያለ። ሌላ እሁድ ዘፈን የምመርጠው የሰዉን እግር አይቼ ነው። ዛሬ ግን የማየው በሩን ነው። ኩምሳ በዚያ በር እስኪገባ ድረስ ሰዉን ማቆየት አለብኝ።

ሰብለወርቅ መሃል ላይ ከየሱፍ ጋር ትጨፍራለች። የሂሳብ ሠራተኛ የነበረችበት የአበባ እርሻ ተዘግቷል። ነገ ጠዋት ጓዟን ይዛ ድሬዳዋ፣ ወንድሟ ጋ ትሄዳለች። ሰበታ ላይ የእሁድ ከሰዓቱን ሳልሳ የጀመሩት እሷና ኩምሳ ናቸው። እኛ ሌሎቻችን ሲጨፍሩ ለማየት መጥተን የቀረን ነን።

ኩምሳ ተጂ ከተማ ያስተምራል። ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ከወጡ ወዲህ የጅማ መንገድ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ ሌላ ቀን በድንጋይ ይዘጋል። ጠዋት ደውሎ፣ «መኪና የለም፤ ግን እመጣለሁ። ሳልደርስ እንዳትለቀው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም።

እንዳልለቀው የተባልኩት የስንብቱን ዘፈን ነው። ከመሃላችን አንድ ሰው ሲሄድ ክብ ሠርተን መሃል እናቆመዋለን፤ ከዚያ አንዳችን ከሌላችን እየተቀበልን እናስጨፍረዋለን። ዘፈኑ አንድ ብቻ ነው። ሕጉን ያወጣው ራሱ ኩምሳ ነው፤ «በአንድ ዘፈን እንስቃለን፣ ሁለት ከሆነ ለቅሶ ይሆናል» ብሎ።

የአዳራሹ ባለቤት ኦቦ ነገሳ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣሉ።

«ሀሰኖ፣ ልጄ፣ ሰዉ ሳይመሽ ቤቱ ይግባ። የውጭው ነገር ደስ አይልም።»

«ትንሽ ይታገሱኝ ኦቦ። ኩምሳ እየመጣ ነው።»

«ከተጂ? በምን?»

«እንጃ።»

በመስኮቱ አሻግረው ያያሉ። አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ እንኳን የለም። «እንግዲያው አንድ ዘፈን» ይላሉ። «ከዚያ በሩን እዘጋለሁ።»

ካሉኝ ዘፈኖች ረጅሙን እመርጣለሁ። መሃሉ ላይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ፒያኖና ከበሮ ብቻ የሚቀሩበት ቦታ አለው። ማሽኔ ላይ ደግሞ አንድ አዝራር አለ፤ ተጭኜ እስከያዝኩት ድረስ ስምንት ምት መልሶ መላልሶ ያጫውታል። ጣቴን ሳነሳ ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ይሄዳል።

ክቡ ይሠራል። መጀመሪያ ዕድላዊት ትገባለች፣ ቀጥሎ የሱፍ፣ ቀጥሎ ሰናይት። ሰናይት መዞሪያው ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትደነግጣለች፤ ሰብለወርቅ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ታዞራታለች። ፒያኖው ጋ ሲደርስ አዝራሩን እጫንና የማለቂያውን ክፍል አስቀድሜ ልሰማ ጆሮ ማዳመጫዬን አጠብቃለሁ።

የስምንቱ ምት አንድ ዙር ያልቃል፤ ሁለተኛ ይጀምራል። በየዙሩ መጨረሻ የሁሉም እግር ይጣደፋል። ደክሟቸዋል ብዬ አልፈዋለሁ።

«ዲጄ» ይላል የሱፍ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መሃል እየገባ፣ «ይሄ ሰውዬ ፒያኖውን የሚለቀው ጡረታ ሲወጣ ነው?»

«ዘፈኑ ረጅም ነው» እላለሁ።

«አንተ ዝም ብለህ ጨፍር፣ ትንፋሽ ያጥርሃል» ትለዋለች ሰብለወርቅ። እየሳቀች ነው፤ ዓይኗ ግን ከበሩ አይነቀልም።

ኦቦ ነገሳ የበሩን እጀታ ይይዛሉ። ሊዘጉት ነው ብዬ ሳስብ አንገታቸውን ወደ ውጭ ያወጣሉ።

«ኮቱ» ይላሉ። «ና፣ ቶሎ ና ግባ።»

ኩምሳ ይገባል። ጫማው በአቧራ ቀለሙ ጠፍቷል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። «አካም ኦልተን ኦቦ» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ዝቅ ይልላቸዋል። ከዚያ ክቡ ይከፈትለታል።

«አረፈድክ» ትለዋለች ሰብለወርቅ።

«ግማሹን በጋሪ፣ ግማሹን በእግሬ ነው የመጣሁት።»

«አቧራ ብቻ ሆነሃል።»

«ካስጠላሁሽ ልመለስ።»

እጇን ትዘረጋለታለች። የተለየ ነገር አያደርጉም፤ በየእሁዱ የሚያደርጉትን ነው። ልዩነቱ ማንም ሊቀበለው ወደ መሃል አለመግባቱ ብቻ ነው። ሰዉ ቆሞ ያጨበጭብላቸዋል። እኔ ጣቴ እየደነዘዘ አዝራሩን እይዛለሁ።

በቃ፣ አዝራሩን የመልቀቂያው ጊዜ ደርሷል ስል ኩምሳ እጇን ለቅቆ ወደ እኔ ይመጣል።

«አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አልጨፈርክም።»

«ጣቴን ካነሳሁ ዘፈኑ ያልቃል።»

የስንብት ክብ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። የሚሄደውን ሰው ሁሉ የሸኘሁት ከዚህ ጠረጴዛ ጀርባ ሆኜ ነው። ኩምሳ ጣቱን በጣቴ ጎን አዝራሩ ላይ ያሳርፋል። «በል፣ ቀስ ብለህ አንሳ» ይለኛል።

አነሳለሁ። አዝራሩ በኩምሳ ጣት ተይዟል፤ ዘፈኑ አልተቋረጠም። ጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ወደ ክቡ እገባለሁ።

የሰብለወርቅ መዳፍ በሁሉም ሰው ላብ ርሷል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። በሳልሳ አራትና ስምንት ላይ አይረገጥም። ስፒከሮቹ ጀርባቸውን ለጠረጴዛዬ ሰጥተው የቆሙ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፊት ሆኜ ስሰማው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስምንተኛው ምት ሳይሞላ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። እግሬ ይደናቀፋል።

«ስምንቱ ይጎድላል» እላታለሁ።

«ይጎድላል።»

«ሁልጊዜ?»

«ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ላስተካክል ብለህ ዘፈኑን ታቆመዋለሃ።»

ዙሪያውን አያለሁ። ሰባት ላይ ሁሉም እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፤ የሱፍም፣ ዕድላዊትም፣ መዞር የማትችለው ሰናይትም። ስምንቱ ሊጎድል ሲል የአዳራሹ እግር ሁሉ፣ በሩን ደገፍ ብለው የቆሙት የኦቦ ነገሳ ጫማ ሳይቀር፣ እኩል ዘለል ብሎ አንድ ላይ ያርፋል።