የልምምዱ ሰዓት ሲሞላ

ኦፔራውን የደረሰው ሽማግሌ ከሆስፒታል አልጋ ተነሥቶ ሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው ቲያትር ቤት በተሽከርካሪ ወንበር የመጣው፣ የመዝጊያውን ዜማ በኦርኬስትራ ለመስማት ነበር። ኦፔራው ለሕዝብ እስከሚመረቅበት ምሽት በሕይወት እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሮታል። ዘፋኟ ለመጨረሻው ዜማ አፏን ስትከፍት የልምምዱ ሰዓት ሞላ፤ ሙዚቀኞቹም እዚያው ላይ አቋርጠው መሣሪያቸውን አወረዱ።

«እባካችሁ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ!» አለ ሽማግሌው። ወደ እነሱ የዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ።

ድሮ እሱ ራሱ በዚሁ ኦርኬስትራ ቪዮላ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ ሲጫወት ከጎኑ ትቀመጥ የነበረችው ሴት መሣሪያዋን ሣጥኑ ውስጥ ከታ መጣችና፣ እጁን በቀስታ ዝቅ አድርጋ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ኤልዉድ፣ ረሳኸው እንዴ? የሙዚቀኞች ማኅበራችን ሊቀመንበር ሳለህ ደንቡን ያስጸደቅከው አንተው ነህ እኮ!» አለችው። «‹ደራሲው እየሞተም ቢሆን ከልምምዱ ሰዓት አናልፍም› ስትል እንዴት በሳቅ እንደፈረስን!»