እስኪደወል ድረስ

በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ዝናቡ ዘግይቶ ገባ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ አልወጣም አለ። የመምህራን ማሠልጠኛው ግቢ በጭቃ ተለወሰ።

ገበሬው በዚያ ጭቃ ላይ ጋሪውን እየነዳ በጠዋት ደረሰ። ጋሪው ባዶ ነበር። ምን ሊጭንበት እንደመጣ መጠየቅ አያሻም። ሴት ልጁ ለሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህርነት ስትሠለጥን ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ እሱ ደግሞ ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደደውም።

"ሒሳብ ቢሆን እሺ" ብሎ ነበር ያኔ። "የሞተ ሰው ወሬ ግን ጎተራ አይሞላም።"

ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለም። ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ የሚቆጥር እሱን አያውቀውም።

ልጅቷ በዚያ ዕለት የማስተማር ልምምድ ፈተና ነበረባት፤ ሁለተኛውና የመጨረሻው። በመጀመሪያው ወድቃለች። የወደቀችው እውቀት አንሷት አይደለም። በማሠልጠኛው ሠልጣኞቹ በየተራ አንዱ መምህር፣ የቀሩት ተማሪ ይሆናሉ። ከክፍል በፊት አሠልጣኟ ለአንድ ሰው በምስጢር ቀይ ጠመኔ ትሰጣለች። ቀይ ጠመኔ የያዘ ሰው ያቋርጣል፣ ያፌዛል፣ ይረብሻል፤ እንዲህ ያለ ተማሪ የትም ክፍል አይጠፋምና። ሲደወል ጠመኔው ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ማን እንደያዘው የሚያስተምረው ሰው አያውቅም።

ባለፈው የያዘው ሳቂታው የክፍል ጓደኛዋ ነበር። "መምህርት፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል ወይስ እንዲሁ እየተጨዋወትን ነው?" ሲላት ክፍሉ ሳቀ። እሷ ትምህርቱን አቋርጣ እንባዋን ይዛ ወጣች። በኋላ ሳቂታው ይቅርታ ጠየቃት፤ አሠልጣኟ ግን በሁሉም ላይ ተቆጣች።

"ጓደኛ ለጓደኛ እየሳሳ ነው የሚረብሸው። በዚህች ከተሸነፋችሁ የእውነቱ ሲመጣ ምን ልትሆኑ ነው?"

ዛሬ ከፈተናው በፊት ሳቂታው በረንዳው ላይ አገኛት።

"አባትሽ መጥተዋል። አሠልጣኟን በር ላይ አቁመው ሲያነጋግሯት አየሁ። ፊታቸው ከሰማዩ ብሷል።"

"ምን አሏት?"

"እኔ ምን አውቄ። ሲለያዩ ግን ተጨባበጡ።"

"ስንብት ነዋ" አለች። "አስወጥተውኛል ማለት ነው።" ትንሽ ቆይታ ቀና አለች። "ዛሬም ጠመኔው አንተ ጋ ነው?"

"ቢሆንስ እነግርሻለሁ?" ብሎ እየሳቀ ገባ።

ገምጋሚው ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ልጅቷ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ "ያላየነው ነገር መፈጸሙን በምን እናውቃለን?"

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ገበሬው ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገብቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጣቶቹና የኮቱ ኪስ አፍ ቀልተዋል። የማሳው አፈር ቀይ ነው። ገምጋሚው ወደ አሠልጣኟ ዞር ቢል "ይተዉት" በሚል እጇን አወዛወዘች።

"አናውቅም!" አለ ገበሬው።

በልጅቷ እጅ የያዘችው ነጭ ጠመኔ ተሰበረ።

"እጅዎን አውጥተው ይናገሩ" አለች።

"የሞተ ሰው ወሬ ነው። ጎተራ ይሞላል? ዕቃሽን ሰብስቢ፤ ጋሪው ቆሟል።"

ሳቂታው አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ዴስኩን አየ። ገምጋሚው እስክሪብቶውን አነሳ።

ልጅቷ የተከፈተውን በር አየች። ወደዚያው ሄደች። ዘጋችውና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

"እስኪደወል ድረስ ከዚህ ክፍል ማንም አይወጣም። እርስዎም፣ እኔም።"

"አባትሽ ነኝ እኮ!"

"ቤት አባቴ ነዎት። እዚህ የኋላ ወንበር ተማሪ ነዎት።" አንዷ ሠልጣኝ አፏን በእጇ ያዘች። "እሺ፣ የእርስዎ ማሳ ከጎረቤትዎ የሚለየው በምንድን ነው?"

"በድንበሩ ድንጋይ።"

"ማን ተከለው?"

"አያቴ።"

"ሲተክሉ አይተዋል?"

"የት አይቼ!" አለ ገበሬው።

"ታዲያ ነገ ጎረቤትዎ መጥቶ 'የሞተ ሰው ወሬ ነው' ቢልዎ ይነቅሉለታል?"

"አንገቱን እሰብረዋለሁ!"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ አብራ አልሳቀችም፤ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች።

"አንገት ሳይሰበር እንዴት እንደሚረታ ነው የዛሬው ትምህርታችን። እናንተ ብትሆኑ ዳኛ ፊት ምን ታቀርባላችሁ?"

እጆች ወጡ። "ሽማግሌ ምስክር!" አለ አንዱ።

"ሽማግሌው ቢዋሽስ?" አለ ገበሬው፤ አሁንም እጁን ሳያወጣ።

"ጥሩ ጥያቄ። ማን ይመልስላቸዋል?"

ከዚያም በኋላ አልተዋትም። ወንበሩን አንገጫገጨ፤ ጮክ ብሎ አዛጋ፤ "ከብት የሚጠብቅልኝ የለም" አለ። እሷም አልተወችውም። ባቋረጣት ቁጥር ነገሩን እየነጠቀች ለክፍሉ ጥያቄ አደረገችው። ሳቂታው ሳይቀር ቆሞ ተከራከረ።

ደወሉ ሲደወል ገበሬው የጀመረውን ቃል እንኳ ሳይጨርስ አፉን ዘጋ።

"አልፈሻል" አላት ገምጋሚው ጨብጧት ሲወጣ።

ሠልጣኞቹ ከበቧት። እሷ ግን በመካከላቸው ሰንጥቃ የኋላው ወንበር ድረስ ሄደች። 

"አባባ፣ አልሄድም። ቢቆጡም አልሄድም። ጋሪውን ባዶውን ይመልሱት።"

"ሰማሁ" አለ ገበሬው።

 ተነስቶ ኮቱን አራገፈና ባዶውን ጋሪ ሊመልስ ወደ በሩ አመራ።

በአሠልጣኟ ጠረጴዛ በኩል ሲያልፍ ቆም አለና ከኪሱ ቀዩን ጠመኔ አውጥቶ ሳጥኑ ውስጥ መለሰው።