የባጃጅ ላስቲክ

እናንተ ብትሆኑስ? ስድስት ዓመት ሙሉ ቡድን በትከሻችሁ ተሸክማችሁ፣ የዋንጫው ጨዋታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አሰልጣኙ የልጅ መጫወቻ ቢያስጨብጣችሁ፣ አመስግናችሁ ትቀበላላችሁ?

ዘሊካ አላመሰገነችም። በመተማ ዮሐንስ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ የመጀመሪያዋ መቺ ናት፤ ጠዋት የሒሳብ መምህርት። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ለዋንጫው ጨዋታ የክልሉ ቡድን መራጭ እንደሚመጣ ተነግሯል። ዘንድሮ ካልተመረጠች ከርሞ ማንም እንደማይጠራት ታውቃለች።

አሰልጣኙ ደረበ ዝምተኛ ሰው ነው። ውድድር ሲገፋ ጉልበት ይከዳል ብሎ፣ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ አሥራ ሁለት ቁራጭ ቆርጦ አመጣ፤ ግማሹ ከትራክተር፣ ግማሹ ከባጃጅ። በሳምንት ሁለት ቀን በየቤታችሁ ምሰሶ ላይ እያሰራችሁ ሳቡ፣ አለ። ሌላ ነገር አላስረዳም። አሰላለፍ እንኳ እስከ ጨዋታው ጠዋት አይናገርም። መተማ ላይ የተወራ ወሬ ድንበሩን ወደ ገላባት ተሻግሮ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተጋጣሚዎቻቸው አብደራፊዎች ዘንድ ይገባል ባይ ነው።

ለዘሊካ የባጃጁ ደረሳት። ኳስ የምታመቻችላት እሌኒም የባጃጁን ተቀብላ፣ ያለ አንድ ቃል ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እሌኒ ቤቷ ቢቃጠልም አትናገርም። ወፍራሙ የትራክተር ላስቲክ ግን ለመጂዳ ተሰጠ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለከረመችው።

ዘሊካ ነገሩ ወዲያው ገባት። እሷን አድክመው፣ ልጅቷን አጠንክረው ሊተኩ ነው።

"ጋሽ ደረበ፣ ይኼ ለእኔ ነው?"

"ላንቺ ነው።"

"የትራክተሩስ?"

"አንቺን አይመለከትም" አለና መረቡን ማጠፍ ጀመረ።

በማግስቱ መጂዳን ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጠብቃ አስቆመቻት። ላስቲኩን አምጪ ስትላት ልጅቷ ጋሽ ደረበ ይቆጡኛል ብላ ተርበተበተች።

"ኸላስ፣ በቃ፣ አምጪ ብያለሁ። የኔን ውሰጂ፤ ውሃ ለማቀበል አያንስሽም።"

"እሺ እትዬ" አለች መጂዳ። ለማንም አልተናገረችም።

ዘሊካ በየቀኑ ሳበች። ከልምምድ በፊት ሳበች፤ ከልምምድ በኋላም ሳበች። ትከሻዋ ሲለበልባት የደረበን ፊት እያሰበች ጨመረች። ጠመኔ ማንሳት ቢያቅታት ተማሪዎቿን ሰሌዳው ላይ አስጻፈች።

የዋንጫው ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ደረበ አሰላለፉን ሲያነብ መጀመሪያ የጠራው የእሷን ስም ነበር። ፈርቶኝ ነው፣ አለች በሆዷ።

አብደራፊዎች ግን አልፈሯትም። እግሯ ከመሬት አልላቀቅ፣ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልወጣ አለ። አራት ኳስ በተከታታይ መረቡ ላይ ሰደደች። በሁለተኛው ዙር ደረበ አስወጣትና መጂዳን አስገባ። ልጅቷ እንደ ፌንጣ ዘለለች። ዋንጫው መተማ ቀረ፤ መራጩ ደብተሩ ላይ አንድ ስም ጻፈ፤ የመጂዳን።

ዘሊካ ሕዝቡ እየጨፈረ ሳለ ወፍራሙን ላስቲክ አምጥታ ደረበ እግር ሥር ወረወረችው። እንዲያፍር ነበር። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አነሳውና ደጋግሞ አገላበጠው።

"ይኼ ካንቺ ዘንድ ምን ይሠራል? ወፍራሙ እኮ የተቀያሪዎቹ ነው። ለምትሰለፉት ስድስታችሁ እንዳትደክሙብኝ ብዬ ነበር ቀጭን የቆረጥኩ።"

ከኋላው የቆመችው መጂዳ እያለቀሰች ይቅር በይኝ አለቻት።

"አልልም" አለች ዘሊካ። "አንቺንም፣ እሳቸውንም፣ ማንንም።"